ሲንተቲኩን ግዙ ተብላችሁ ኪሳችሁ እምቢ ካለ፦ ከወልድያ እስከ መርሳ የሞተር ዘይት ጉዳይ

የአክስቴ ልጅ መርሳ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት ገንዘብ አጠራቀመና ለባጃጁ ምርጥ የተባለውን ዘይት ገዛለት። ለአዳዲስ የቤት መኪኖች የሚሸጥ፣ ላዩ ላይ «ሙሉ ሲንተቲክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የሚያምር ዕቃ። ዋጋው ከለመደው ዘይት ከእጥፍ በላይ ነበር። ሻጩም ከእንግዲህ ስለ ሞተሩ እንዳያስብ ነግሮ ሸኘው።

ሳምንት ሳይሞላው ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጁ ግን አይሄድም። ጋዝ ይሰጣል፣ ድምፅ ብቻ። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

መካኒኩ መጀመሪያ የጠየቀው የትኛውን ዘይት እንደሞላ ነው። ዕቃውን ሲያይ ነገሩ ገባው። ዘይቱ የተበላሸም የተጭበረበረም አልነበረም። ጥሩ ዘይት ነው፣ ግን ለሌላ ሞተር። ተደፋ። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ተቀየሩ። በምትኩ ዋጋው ከግማሽ በታች የሆነ የሞተር ሳይክል ዘይት ተሞላ። ባጃጁ ዳገቱን ወጣ። የአክስቴ ልጅ ግን ለዘይቱም፣ ለሸራውም፣ ለመካኒኩም ከፈለ፤ ቆሞ የዋለበት ቀንም ሄደ።

ይህን የማወራው ሲንተቲክ ዘይት መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ሁላችንም የሚያስፈራንን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ የመኪናው መጽሐፍ ወይም መካኒኩ አንድ ውድ ዘይት ካዘዘና ኪሳችን ካልቻለ ምን እናድርግ? አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። መጽሐፉ በአብዛኛው የሚያዝዘው ቁጥርና ፊደል እንጂ የድርጅት ስም አይደለም። ቁጥሩንና ፊደሉን ያሟላ ርካሽ ዘይት አማራጭ ነው። ያላሟላው ደግሞ በነፃ ቢሰጣችሁም ውድ ነው። ረጅሙን መልስ ደግሞ አብረን እንየው።

ዋጋው እዚህ እንዴት ደረሰ?

መጀመሪያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ምን አስታውሱ። የዚያን ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመቱ ደግሞ ከ130 በላይ ሆነ።

የሞተር ዘይት የዶላር ዕቃ ነው። አገራችን ውስጥ ሥራ ላይ ያለ የድፍድፍ ዘይት ማጣሪያ የለም። ጥንት የነበረን የአሰቡ ማጣሪያም ከወደቡ ጋር ሄዷል። እዚህ አገር ተቀምሞ የሚታሸግ ዘይት ቢኖር እንኳ መነሻ ዘይቱና ኬሚካሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አምራቹ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ዘይቱ በብር ሲቆጠር ሊወደድ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዶላር ሲያስመጡ የነበሩ ነጋዴዎች ስላሉ ሁሉም ዕቃ ከባንኩ ምንዛሪ እኩል አልዘለለም። ግን ወደ ታች የተመለሰ ዘይት አይታችኋል?

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ቤንዚንና ነጭ ናፍጣ ሲጨምሩ መንግሥት አዲሱን ዋጋ በዜና ያስነግራል። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም የገና ሰሞን ቤንዚን በሊትር ከ91.14 ብር ወደ 101.47 ብር ሲገባ አገር ሁሉ በአንድ ምሽት ሰማ። የሞተር ዘይት ግን ያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዋጋውን የሚቆርጠው አስመጪው፣ ከዚያ አከፋፋዩ፣ ከዚያ ቸርቻሪው ነው። ስለዚህ አንዱ ዘይት ደሴ ላይ፣ ወልድያ ላይና መርሳ ላይ ሦስት ዓይነት ዋጋ ቢኖረው አይግረማችሁ።

ሦስተኛው መንገድ ነው። አብዛኛው የአገራችን የገቢ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ከጅቡቲ የተነሳው መኪና ሚሌን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ዕቃው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ይከፋፈልና ከዚያ እንደገና 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ ይመለሳል። ሚሌ ላይ ሳለ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለወልድያ ይቀርብ እንደነበር ልብ በሉ! በዚህ ላይ ያለፉትን ዓመታት ጨምሩበት። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ ገብቶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ነው የኖርነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሱቅ ውስጥ ያለው ዘይት ይወደዳል፣ ሲያልቅ ደግሞ ምንነቱ የማይታወቅ ዘይት ቦታውን ይይዛል።

አራተኛውን ነገር ስታስቡት ጉዳዩ ለምን የህልውና እንደሆነ ይገባችኋል። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል። ቤት ያለው የቤንዚን መኪና ቢሞት በቀላሉ የሚተካ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይጠይቅም፣ እውነት ነው። ግን መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም። ለጊዜው ያለንን ሞተር ማኖር ነው የሚያዋጣን።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን እናንብብ

የዘይት ዕቃ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ቁጥር፣ ፊደል፣ እና «ሲንተቲክ» ወይም «ሚኒራል» የሚለው ቃል። ሻጭ የሚያሳየን ሦስተኛውን ነው። እኛ ማየት ያለብን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። 0ደብልዩ-20፣ 5ደብልዩ-30፣ 15ደብልዩ-40፣ 20ደብልዩ-50 የሚሉት ናቸው። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚቀጥን ይናገራል። ደብልዩ ራሷ ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው የቆመችው፤ የእኛ ዝናባማ ክረምት ሳይሆን የፈረንጅ በረዶ። ከደብልዩ በኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ሲሞቅ፣ 100 ዲግሪ ላይ፣ ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም እንደሚሆን ነው።

አሁን ገንዘባችን የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። 0ደብልዩ የተባለ ዘይት ሞተር ማስነሳት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ነው። 5ደብልዩ ከዜሮ በታች 30፣ 10ደብልዩ ከዜሮ በታች 25፣ 15ደብልዩ ከዜሮ በታች 20፣ 20ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ።

እንዴ! ወልድያ ላይ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ማን አየ? ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ይበርዳል። ግን ጋቢ የሚበቃው ብርድ ነው። መርሳ ደግሞ ዝቅ ብላ የማንጎና የብርቱካን አገር ናት። ከመርሳ ወደ አፋር ሲወረድ የሀብሩ ቆላ ሙቀቱ ሌላ ነው። ሲንተቲክ ዘይትን ውድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው በብርድ የመፍሰስ ችሎታው ነው። እኛ ለሳይቤሪያ ብርድ እየከፈልን ነው ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ከደብልዩ በኋላ ባለው ቁጥር እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ ማለት አይደለም። እሱ የሞተራችሁ ልክ ነው። በቀጭን ዘይት እንዲሠራ የተሠራ አዲስ ሞተር የዘይት መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። 20 የተባለውን አውጥታችሁ 50 ብትሞሉበት ዘይቱ ቶሎ አይደርስለትም፣ ነዳጅም ይበላል። በተቃራኒው 50 የለመደ ሞተር ላይ 20 ብታደርጉ ዘይቱ ሲሞቅ እንደ ውሃ ይቀጥንበታል፣ ብሮንዚኑ ይጎዳል።

ቀጥሎ ፊደሉ። ዘይቱ ውስጥ ያለውን መድኃኒት የሚናገረው እሱ ነው። የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ ለቤንዚን ሞተር በኤስ የሚጀምር፣ ለናፍጣ ሞተር በሲ የሚጀምር ደረጃ ይሰጣል። ለቤንዚን፦ ኤስጄ፣ ኤስኤል፣ ኤስኤም፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው፣ አዲሱ ደግሞ የድሮውን ይሸፍናል። መጽሐፋችሁ ኤስኤል ካለ ኤስኤን ብትገዙ ችግር የለውም። ኤስኤን ካለ ግን ወደ ኤስኤፍ መውረድ አይቻልም።

ኤስኤፍን በስም የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ የሚባሉ ዘይቶች ላይ ኤስሲ፣ ኤስኤፍ፣ ሲዲ የሚሉ ፊደላት ካያችሁ እነዚህ ጊዜያቸው ያለፈ ደረጃዎች ናቸው። ኤስኤፍ ከ1988 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች እንደማይሆን ኤፒአይ ራሱ ያስጠነቅቃል። ያቺ ርካሽ ነጠላ 40 ቁጥር ዘይት ላይ ያለውን ፊደል አንዴ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት።

መጨረሻ ላይ «ሲንተቲክ» የሚለው ቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሞቢልና ካስትሮል በዚህ ቃል ላይ ተካሰው ነበር። ሞቢል፣ ካስትሮል ከድፍድፍ ዘይት የወጣውን መነሻ ዘይት በደንብ ስላጣራው ብቻ ሲንተቲክ ሊለው አይገባም አለ። ጉዳዩን ያየው የማስታወቂያ ክርክር ሰሚ አካል ለካስትሮል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ገበያ በደንብ የተጣራ የማዕድን ዘይትም ሲንተቲክ ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ስለ ዘይቱ ጥራት ብዙ አይነግረንም። ቁጥርና ፊደል ግን በላብራቶሪ የሚፈተኑ ናቸው።

ለየትኛው መኪና ምን አማራጭ አለ?

ባጃጅና ሞተር ሳይክል፦ የእነዚህ ነገር ከሁሉም ይለያል። በብዙዎቹ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። በመኪና ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ ዘይት ሠሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ዘይቱን በጣም የሚያንሸራትት ኬሚካል ሊጨምሩበት ይችላሉ። ያ ኬሚካል ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ፍሪሲዮኑንም ያንሸራትተዋል። የአክስቴን ልጅ ያገኘው ይኸው ነው። ስለዚህ ዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል የጃፓን ምልክት ፈልጉ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን የተፈተነ ማለት ነው። ኤምቢ ከሆነ ተዉት። ቁጥሩ በአብዛኛው 20ደብልዩ-50 ነው፣ ደረጃው ኤስኤል ወይም ከዚያ በላይ። ይህ ዘይት ሚኒራሉ በርካሽ ይገኛል። ለባጃጅ ትክክለኛው ዘይት ራሱ ርካሹ ነው ማለት ነው። ወንድሞቼ፣ ለዚህኛው አማራጭ ፍለጋ አትድከሙ።

ትናንሽ የቤት መኪኖች፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየርና የመሳሰሉት፦ ውዱን 0ደብልዩ-20 የሚጠይቁት አዳዲሶቹ ናቸው። እዚህ ላይ መጽሐፉን በደንብ አንብቡ። የቶዮታ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 0ደብልዩ-20 ካልተገኘ 5ደብልዩ-30 መጠቀም እንደሚቻል ይናገራል። ለሞቃት አገሮች በታተሙት መጻሕፍቱ ደግሞ እንደ አየሩ ሙቀት እስከ 15ደብልዩ-40 የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ያለባቸው አሉ። ያው ሞተር፣ ሌላ አየር፣ ሌላ ምክር። ስለዚህ ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሆነ 5ደብልዩ-30 ሰሚ ሲንተቲክ ለብዙዎቹ ጥሩ መካከለኛ ነው። ሞተራችሁ ቱርቦ ያለው ቤንዚን ከሆነ ግን ከታዘዘው አትውረዱ፣ ቱርቦ ሙቀቱ ሌላ ነው።

ናፍጣዎቹ፣ አይሱዙ፣ ሃይሉክስ፣ አባዱላና ዶልፊን፦ አብዛኞቹ የድሮ ናፍጣዎች መጀመሪያውኑ ሲንተቲክ አይጠይቁም። ሲአይ-4 ወይም ሲኤች-4 የተጻፈበት 15ደብልዩ-40 ሚኒራል ዘይት ይበቃቸዋል። ወደ ድልብ፣ ወደ ጋሸና አቅጣጫ ያለውን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ አይሱዙ ካላችሁ፣ ለዘይቱ ስም ከመክፈል ይልቅ ሲአይ-4 መሆኑን አረጋግጡና ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው አዲስ ናፍጣ ከሆነ ብቻ ልዩ ዘይት ያስፈልገዋል። እሱን በግምት አትሞክሩት።

ርካሹ ስንት ያተርፋል?

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፣ እናንተ የሱቃችሁን ዋጋ ተኩበት።

4 ሊትር ሲንተቲክ 6,000 ብር ነው እንበል፣ ፊልትሮው 500 ብር። 10,000 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ድምሩ 6,500 ብር፣ ለ1,000 ኪሎ ሜትር 650 ብር ማለት ነው። 4 ሊትር ደረጃውን የጠበቀ ሚኒራል ደግሞ 2,400 ብር፣ ፊልትሮው ያው 500። 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል። ድምሩ 2,900 ብር፣ ለ1,000 ኪሎ ሜትር 580 ብር።

አያችሁ? ሱቅ ላይ ስናየው ልዩነቱ 3,600 ብር ይመስላል። በመንገድ ሲለካ ግን ለ1,000 ኪሎ ሜትር 70 ብር ብቻ ነው። ርካሹ ዘይት ያተርፋል፣ ግን እንደምናስበው አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ 6,500 ብር ባይኖርም 2,900 ሊኖር ይችላል። የቀን ገቢ የሚያድር ሰው ችግሩ ጠቅላላ ወጪው ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወጣው ብር ነው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ርካሹን ገዝታችሁ እንደ ውዱ 10,000 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁት ያተረፋችሁ ይመስላችኋል። ሒሳቡ በኋላ ይመጣል፣ በፋሻ፣ በብሮንዚን፣ በሞተር እድሳት። የርካሽ ዘይት ውሉ አንድ ነው፦ ቶሎ መቀየር።

ይህ ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ ይብሳል። አቧራ፣ ዳገት፣ ከልክ በላይ ጭነት፣ አጭር ምልልስ። አምራቾች እነዚህን «ከባድ አጠቃቀም» ይሏቸዋል፣ በብዙ መጽሐፍ ላይ የመቀየሪያው ርቀት በግማሽ እንዲያጥር ያዛሉ። ከመርሳ መናኸሪያ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመላለስ ባጃጅ ከዚህ የከበደ ምን አለ?

ኪሎ ሜትር ቆጣሪያችሁ አይሠራም? የብዙ ባጃጅ አይሠራም። በነዳጅ ቁጠሩ። ባጃጃችሁ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ 100 ሊትር ጨረሳችሁ ማለት 2,500 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ማለት ነው። የቀዳችሁትን በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ መዝግቡ። ስልኩ ለቲክቶክ ብቻ አልተሠራም።

አማራጭ ያልሆኑ «አማራጮች»

ከበርሜል የሚለካ ዘይት፦ ከየት እንደመጣ፣ ምን ፊደል እንዳለው፣ ከምን እንደተቀላቀለ ማየት የማትችሉትን ዘይት በሊትር አታስለኩ። በርሜሉ ላይ የሚያምር ስም መኖሩ ውስጡ ያው ነው ማለት አይደለም።

ተመልሶ የታሸገ ዘይት፦ የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ተጣርቶ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ በታወቀ ስም ባዶ ዕቃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስትገዙ የክዳኑ ቀለበት መሰበር አለመሰበሩን፣ ከሥሩ ያለው የአልሙኒየም ሽፋን ሙሉ መሆኑን፣ ዕቃው ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ቀን አለመፋቁን እዩ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ደግሞ ደስ ከመሰኘት በፊት ጠርጥሩ። ላቫጆ ላይ ካስቀየራችሁ ባዶውን ዕቃ ይዛችሁ ውጡ ወይ በቢላ ቅደዱት። እናንተ የጣላችሁት ደህና ዕቃ ነው ነገ ተሞልቶ ጎረቤታችሁ ጋ የሚደርሰው።

«ሞተር ያድሳል» የሚባል ትንሽ ጠርሙስ፦ ዘይቱ በፋብሪካ የተለካ መድኃኒት አለው። ከላይ የምትጨምሩበት ነገር ያን ሚዛን ሊያፋልስ ይችላል። ለእሱ የምታወጡትን ብር የአየር ፊልትሮ ግዙበት። በአቧራ አገር ሞተርን ከዘይት ቀጥሎ የሚያኖረው ንጹሕ የአየር ፊልትሮ ነው።

ቀለም አይቶ መፍረድ፦ የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በማግስቱ ሊጠቁር ይችላል፣ ጥላሸቱን እያጠበ ነው፤ ሥራውን ነው የሚሠራው። የሚያስፈራው እንደ ወተት የነጣ ዘይት ነው፣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከቴስታ ጋስኬት ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ዘይትም እንዲሁ መካኒክ ይፈልጋል።

አንድ የሚያረጋጋ ነገርም ልጨምር። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎባችሁ ያለው ሚኒራል ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ሲንተቲክ ቢሆንም ጨምሩበት። የሞተር ዘይቶች እርስ በርስ እንዲቀላቀሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። ቅልቅሉ የሲንተቲኩን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ ሞተር አይገድልም። ሞተር የሚገድለው ዘይት ማጣት ነው። ባጃጅ ላይ ከሆነ ግን የጃሶውን ነገር አትርሱ።

ብቻችንን አንችለውም

እስካሁን ያልኩት በየግላችን የምናደርገው ነው። በጋራ የሚሠራም አለ።

አንደኛ፣ የባጃጅና የታክሲ ማኅበራት። የማኅበሩ አባላት አንድ ዓይነት ሞተር ነው የሚነዱት፣ የሚፈልጉት ዘይትም አንድ ነው። እያንዳንዱ አንዳንድ ሊትር ከሚገዛ ማኅበሩ በካርቶን ከአከፋፋይ ቢያመጣ የመሃሉ ትርፍ ለአባሉ ይቀራል። በርሜልም 208 ሊትር ይይዛል። ግን በርሜል ቁልፍና ታማኝ ሰው ይጠይቃል፤ ከላይ ስለሚለካ ዘይት ያልኩት ማኅበራችሁንም ይመለከታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የታሸገው ካርቶን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ተቀብላችሁ ዕቃውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቁጥሩና ፊደሉ እንዲታይ። ዘይቱ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ የንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ስትቆሙ በእጃችሁ ማስረጃ አለ። ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ የአንተ ቃል ከእሱ ቃል ነው።

ሦስተኛ፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቶቹ ራሳቸው። በዓል ሲደርስ የዘይት ነገር ሲነሳ የምግቡ ብቻ ነው የሚታያቸው። የሞተሩ ዘይት ግን የመቶዎች ቤተሰብ እንጀራ የሚጋገርበት ነው። ከወልድያ፣ ከመርሳ ሱቆች አንዳንድ ዕቃ አንስቶ ክዳኑን፣ የምርት ቁጥሩን፣ ፊደሉን ማየት ላብራቶሪ አይጠይቅም። ዓይን ይበቃል።

ስለ ተቃጠለው ዘይትም አንድ ቃል። ምስጥ እንዳይበላው ቋሚ እንጨት ለመቀባት፣ ግንበኞችም የቅርጽ ጣውላ ላይ ለመቀባት ይገዙታል። መሬት ላይና ወንዝ ዳር ግን አትድፉት። የመርሳና የጊራና ማንጎ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁን 20ደብልዩ-50፣ ጃሶ ኤምኤ ያለውን ነው የሚገዛው። በየ100 ሊትሩ ይቀይራል፣ ስልኩ ላይ ይመዘግባል፣ ባዶውን ዕቃ ይቀደዋል። ባለፈው መናኸሪያ ስንገናኝ አንድ ጀማሪ ልጅ ያን የሚያምር የመኪና ዘይት ይዞ መጥቶ ለባጃጁ ይሆን እንደሆነ ጠየቀው። ገልብጦ አሳየውና የጃሶ ምልክት እንደሌለው ነገረው። ልጁ ሊመልሰው ወደ ሱቁ ሄደ።

እናንተስ ምን እየሞላችሁ ነው? የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፣ ቁጥሩንና ፊደሉን አብረን እናነብባለን። ባጃጅ ለሚነዳ ወንድማችሁም ይህን አጋሩት፣ የአንድ ፍሪሲዮን ሸራ ዋጋ ታድኑታላችሁ።